አጥንቱና ድንጋዩ እኩያ ናቸውን?



እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥንታዊ ነገሮች ዕድሜ ነው። ሰው የሠራው የድንጋይ መሣሪያና ዛሬ በምድር ላይ የሌለ የትልቅ አውሬ አጥንት በአንድ ቦታ ይገኛሉ እንበል። ሰውየውና አውሬው በአንድ ዘመን መኖራቸውን በምን እናውቃለን? ከስንት ዓመት በፊት እንደ ነበረስ እንዴት ይታወቃል? ንግግሩ ረዘም ይላልና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ነገር ካለ ተመልሳችሁ አንብቡት። መመለስ አያሳፍርም።

ይህን ርዕስ ያነሣሁት በምክንያት ነው።

አንድ ማታ ከጎልማሳ ተማሪዎቼ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ፣ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀሩ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገር አስቀመጡ። አንዱ ጥቁር ባልጩት ነው። ዳርና ዳሩ ተጠርቦ ስለት ወጥቶለታል። ሁለተኛው መዳፍ የሚሞላ ጥርስ ነው። እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

«መምህር፣ ይህ የበሬ ጥርስ አይደለም» አሉኝ። «በሬን አውቃለሁ። የፈረስም አይደለም። የምን ይሆን?»

«አባባ፣ እኔም አላወቅሁትም» አልኳቸው።

«ከእርሻዬ በታች ያለው ቦረቦር ነው ያወጣው። ሁለቱንም እዚያው ነው ያነሣኋቸው። እንግዲህ ባልጩቱን የጠረበው ሰው ይህን አውሬ በዐይኑ አይቶታል ማለት ነው?»

ጥያቄያቸው የሊቅ ጥያቄ ነበር። እኔም መልሼ ጠየቅኋቸው። «ጥርሱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነበር ወይስ ከላይ ወድቆ? ባልጩቱስ ከጥርሱ በላይ ነበር ወይስ በታች?»

«እሱንማ ልብ አላልኩም» አሉ።

ከዚያ የባሰ ጥፋት የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ጥርሱ ላይ አፈር ተጣብቆ ነበር። ልጆች እንዲያዩት ብዬ በውኃ አጠብኩት። አጽድቼም በክፍላችን መስኮት ላይ አኖርኩት። ያ አፈር ምስክር እንደ ነበረ አላወቅሁም። ዝናቡ ሲያባራ ከአባባ ጋር ወደ ቦረቦሩ ወረድን። ጎርፉ ገደሉን ንዶ ወስዶት ጠበቀን። ስለዚህ የአባባ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ያ ጥያቄ በሌላ ስፍራ እንዴት እንደ ተመለሰ ነው።

አብሮ መገኘት ለምን አይበቃም?

በመሶብ ውስጥ ያለ እንጀራን አስቡ። ከሥር ያለው መጀመሪያ የተጋገረው ነው። ከላይ ያለው ዘግይቶ የተጋገረ ነው። ማንም ካልነካካው በስተቀር ቅደም ተከተሉ አይሳሳትም። ምድርም እንዲሁ ናት። ጎርፍ ደለል ያመጣል፤ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ እሳተ ገሞራ አመድ ይተፋል። አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ንብርብር ይሠራል። የታችኛው ንብርብር ጥንታዊ ነው፤ የላይኛው ቅርብ ነው። በአንድ ንብርብር ውስጥ አብረው የተቀበሩ ነገሮችም ባንድ ዘመን የወደቁ ናቸው ብለን እንጀምራለን።

እንጀምራለን እንጂ አንጨርስም። መሶቡን ሰው ሊነካካው ይችላልና። ሦስት ነገሮች ያታልሉናል።

አንደኛው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ከላይኛው መንደር አንድ ነገር፣ ከታችኛው ሌላ ነገር ይጠርግና አንድ ቦታ ያከማቻል። ክምሩን ያየ ሰው ከጥንት አብረው የነበሩ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። አይጥና ፍልፈል ይቆፍራሉ። ዛፍ ሥር ይሰዳል። ሰውም ለጎተራና ለመቃብር ይቆፍራል። በዚያ ጉድጓድ የላይኛው ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛውም ይወጣል።

ሦስተኛው ሰው ራሱ ነው። ሰው ያየውን ያነሣል። የአባባን ነጠላ አስታውሱ። ባልጩቱና ጥርሱ በአንድ ቋጠሮ ውስጥ አብረው ነበሩ። ነገር ግን አብረው የተቋጠሩት በዚያ ቀን ነው። የጥንት ሰውም ከሱ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት የቆየ አጥንት ከሜዳ አንሥቶ ወደ ሰፈሩ ወስዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የጥንት ነገር አጥኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ተቀምጦ ነበር?» ብሎ ነው።

ካደገ በኋላ ፊደል የቆጠረው ሰው

ይህ ጥያቄ ታላላቅ ምሁራንን ያከራከረበት አንድ ቦታ አለ። ቦታው በሰሜን አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ በተባለው ግዛት፣ ፎልሰም ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የጀመረው ጆርጅ ማክጀንኪን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ማክጀንኪን ቴክሳስ በምትባለው ግዛት በባርነት ተወለደ። እዚያ ባርነት የቀረው በ1865 ነው። ነፃ ከወጣ በኋላ ከብት ጠባቂ ሆነ። በልጅነቱ ያስተማረው አልነበረም። እንደሚነገርለት እሱ ለጓደኞቹ ፈረስ መግራት ያሳያቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በምላሹ ፊደል ያስቆጥሩታል። እንዲህ እያለ ማንበብ ቻለ። ከዚያ ወዲያ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አነበበ። ስለ ከዋክብት፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ እንስሳት አነበበ። በሥራውም አድጎ የአንድ ትልቅ የከብት እርባታ ኃላፊ ሆነ።

በነሐሴ ወር 1908 በፎልሰም ከባድ ዝናብ ጣለ። በሌሊት ጎርፍ ከተማዋን መታ። ከ15 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሣራ ሩክ የምትባል የስልክ ሠራተኛ ቤቷን ትታ አልወጣችም። ለሰዎች እየደወለች «ጎርፍ መጥቷልና ሽሹ» ስትል ራሷ በጎርፉ ተወሰደች።

ከጎርፉ በኋላ ማክጀንኪን የተበላሸ የሽቦ አጥር ለማየት በፈረስ ወጣ። ጎርፉ አንዱን ቦረቦር በጣም አጥልቆት ነበር። ወደ ገደሉ ሲያይ ከመሬቱ በታች በብዙ ጥልቀት አጥንት ወጥቶ ተመለከተ።

አስቡት፤ ሌላ ሰው ቢሆን «የከብት አጥንት ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ማክጀንኪን ግን ዕድሜውን ሙሉ ከብት ያየ ሰው ነው። የበሬ አጥንት መጠኑን ያውቃል፤ ይህ ይበልጣል። ደግሞም አንብቧል። ይህን የሚያህል አፈር በአጥንት ላይ እስኪከመር ብዙ ዘመን እንደሚፈጅ ተረዳ። ከአጥንቶቹ ጥቂት አንሥቶ ወደ ቤቱ ወሰደ። ለሚሰማው ሰው ሁሉም ተናገረ። በሬተን ከተማ ለሚኖር ካርል ሽዋክሃይም ለሚባል ብረት ቀጥቃጭም ነገረው።

ማክጀንኪን በ1922 መጀመሪያ ላይ ሞተ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ቦታውን ሊያጠና የመጣ ምሁር አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ ብረት ቀጥቃጩ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ቦረቦሩን አየ። አጥንቶቹም በ1926 ዴንቨር ከተማ ወዳለው የኮሎራዶ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ደረሱ። በቤተ መዘክሩ ያሉ ሰዎች አጥንቱን አወቁት። ባይሰን የሚባል ጠጉራም የዱር በሬ ነው። ነገር ግን ዛሬ በአሜሪካ ያለው ባይሰን አይደለም። ከሱ የሚበልጥ፣ ቀንዱም የረዘመ፣ ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመት የሆነው ዓይነት ነው።

«እንዳትነኩት!»

በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ሰው ወደ አሜሪካ ከገባ ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ነው ይሉ ነበር። ከጠፉት ትላልቅ አውሬዎች ጋር አልተገናኘም ይሉ ነበር። «ተገናኝቷል» የሚል ሰው ሲመጣ ይጠይቁታል። «ድንጋዩን ከአጥንቱ ጋር ማን አየው?» ይሉታል። «ቆፋሪዎቹ አወጡት» ይላል። «እንዴት ተቀምጦ ነበር?» ይሉታል። መልስ የለውም። ክርክሩም እዚያው ይቆማል። እኔና አባባ የቆምንበት ቦታ ማለት ነው።

ቤተ መዘክሩ በ1926 ቁፋሮ ጀመረ። መጀመሪያ የፈለገው ለእይታ የሚሆን የባይሰን አጽም ነበር። ሲቆፈር ግን የተጠረበ የድንጋይ ጦር ስለት ከአፈሩ ጋር ወጣ። ስለቱ በጣም ያማረ ነው። በሁለቱም ፊቱ መሐል ለመሐል ቦይ የመሰለ ስርጉድ አለው። ሆኖም ከቦታው ተነቅሎ ስለ ወጣ ጥርጣሬውን ሊያስወግድ አልቻለም።

የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ጄሲ ፊጊንስ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ምሁራኑን አነጋገረ። አጥብቆ ይጠራጠር የነበረው አሌሽ ህርድሊችካ እዚያ ነበር። የተሰጠው ምክር አጭር ነበር። ሌላ ስለት ከተገኘ አታውጡት፤ ባለበት ተዉት፤ ሌሎች መጥተው ይዩት የሚል ነው።

እነሆ ነሐሴ 29 ቀን 1927 ብረት ቀጥቃጩ ካርል ሽዋክሃይም ሲቆፍር አንድ ስለት አየ። ስለቱ በባይሰኑ ሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል፣ በደረቀው አፈር ውስጥ ተሸጉጧል። ሽዋክሃይም እጁን ሰበሰበ። አልነካውም። ለቤተ መዘክሩ ላከበት። ቤተ መዘክሩም ለምሁራን ቴሌግራም ላከ። እነ ባርነም ብራውን፣ ፍራንክ ሮበርትስና አልፍሬድ ኪደር መጡ። አፈሩን አዩ። ንብርብሩ ያልተነካ መሆኑን አዩ። ስለቱን በጎድን አጥንቶቹ መካከል አዩ። ጎርፍ ያመጣው አይደለም፤ አይጥ የቆፈረው አይደለም፤ ሰውም በኋላ አላስቀመጠውም። አዳኝ ወግቶታል። ሦስቱም ተስማሙ።

የብዙ ዓመት ክርክር የተፈታው በአዲስ ማሽን አይደለም። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ያየውን ሳይነካ በመተዉ ነው።

ጨማሪ የሌለው ጎተራ

አሁን ሰውና የጠፋው ባይሰን በአንድ ዘመን እንደ ነበሩ ታወቀ። ግን ከስንት ዓመት በፊት? በ1927 ይህን በቁጥር የሚናገር አልነበረም። ዘዴውን ያገኘው ዊላርድ ሊቢ የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ዘዴው በ1949 ለዓለም ተገለጸ። ሊቢም በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዘዴው ራዲዮካርቦን ይባላል። ቃሉ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው።

ካርቦን የሚባል ነገር አለ። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። በአየር ውስጥም ካርቦን አለ። ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ በጊዜ ብዛት እየተለወጠ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ራዲዮካርቦን የምንለው ይህን ነው። ሣር ከአየር ይወስደዋል። በሬ ሣሩን ይበላል። ሰውም እህሉንና ሥጋውን ይበላል። ስለዚህ ሕይወት ያለው ሁሉ ራዲዮካርቦን በአካሉ አለ። በሕይወት ሳለ የጠፋውን በምግብ ይተካል። ሲሞት ግን መተካቱ ይቆማል። መጥፋቱ ይቀጥላል።

ጨማሪ የሌለው ጎተራ አስቡ። በጎተራው 40 ኩንታል አለ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግማሹ ያልቃል፤ 20 ይቀራል። ያንኑ ያህል ጊዜ ሲያልፍ የቀረው ይጋመሳል፤ 10 ይሆናል። ደግሞ ሲያልፍ 5 ይሆናል። በፊት ስንት እንደ ነበረና ዛሬ ስንት እንደ ቀረ ካወቅን፣ ጨማሪው ከቀረ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ማስላት እንችላለን። ለራዲዮካርቦን የመጋመሻው ጊዜ 5,730 ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ ሲጋመስ 11,460 ዓመት ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሲጋመስ 17,190 ዓመት ይሆናል። ከ50,000 ዓመት በላይ ሲሆን ግን የሚቀረው በጣም ጥቂት ስለሆነ በዚህ ዘዴ መቁጠር ያስቸግራል።

አንድ ማስተካከያም አለ። በአየር ውስጥ የነበረው የራዲዮካርቦን መጠን በየዘመኑ እኩል አልነበረም። ስለዚህ ሊቃውንት የተገኘውን ቁጥር ከዛፍ ቀለበት ጋር ያመሳክሩታል። ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ውስጥ የሚታየውን ክብ መስመር ታውቁታላችሁ። በብርድ አገር ባለ ዛፍ ላይ አንዱ ክብ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ክቡን ቆጥሮ ዓመቱን ማወቅ ይቻላል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የድንጋዩ ስለት ዕድሜ በራዲዮካርቦን ይቆጠራልን? አይቆጠርም! ድንጋይ አልበላም፣ አልጠጣም፣ አልሞተም። ድንጋዩ የተጠረበበትን ዘመን የሚነግረን አብሮት ያለው አጥንት ወይም ከሰል ነው። እንግዲህ አብሮ የመገኘቱ ነገር ከተሳሳተ የዕድሜው ቁጥርም አብሮ ይሳሳታል።

ማሽኑ እውነት ሲናገር ሰው ሲሳሳት

ይህም በፎልሰም በእርግጥ ደርሷል። ሊቢ ዘዴውን እንዳገኘ ከፎልሰም የመጣ ከሰል ተሰጠው። ቆጠረው። የወጣው ቁጥር 4,300 ዓመት ያህል ነበር። ሁሉም ተደነቀ። ይህ ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። ታዲያ ባይሰኑ ያን ያህል ቅርብ ኖሯልን?

ከሰሉ የተገኘበት ቦታ እንደገና ተመረመረ። ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ባይሰኖቹ ከተቀበሩ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ሌላ የውኃ ቦይ የቀድሞውን አፈር ቆርጦ አልፏል። ቦዩም በኋላ በደለል ተሞልቷል። ከሰሉ የተወሰደው ከዚያ የኋለኛ ደለል ነው። ከአጥንቱ ጋር አንድ ሰፈር ነበረ እንጂ አንድ ዘመን አልነበረም። ማሽኑ አልዋሸም። የከሰሉን ዕድሜ በትክክል ተናገረ። የተሳሳተው ሰው ነው፤ ከሰሉ የአጥንቱ እኩያ ነው ብሎ ያሰበው።

በኋላ ሊቃውንት የራሳቸውን የባይሰኖቹን አጥንት አስቆጠሩ። ቀሪው ራዲዮካርቦን በሕይወት ካለ እንስሳ ሲነጻጸር ወደ አንድ አራተኛ የቀረበ ሆነ። ከዛፍ ቀለበት ጋር ሲመሳከር ባይሰኖቹ ከሞቱ ከ12,000 ዓመት በላይ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዴቪድ ሜልትዘር የሚመራ ቡድን ቦታውን እንደገና አጠና። አዳኞቹ ወደ 32 የሚሆኑ ባይሰኖችን በአንድ ጊዜ እንደ ገደሉ ተረዳ። ከጥጆቹ ጥርስም የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል እንደ ነበረ ታወቀ። እነሆ፣ ቦታው ሳይበላሽ ከተጠበቀ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወቅቱን ጭምር ይነግረናል።

በአገራችንስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነው። ዘመኑም እጅግ የራቀ ነው። በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። እዚያ የድንጋይ መሣሪያና የጥንት እንስሳት አጥንት በንብርብር ተቀምጦ ተገኝቷል። በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል።

ወደ አፋር ስንወርድ ደግሞ በመካከለኛው አዋሽ ቡሪ የሚባል ቦታ አለ። በ1999 አንድ የአጥኚዎች ቡድን ከዚያ የተገኙ አጥንቶችን አሳወቀ። ከቡድኑ መሪዎች መካከል ኢትዮጵያውያኑ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ዶክተር ግደይ ወልደገብርኤል ይገኛሉ። ከአጥንቶቹ አንዱ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ ጭን ነው። ያ ዓይነት ፈረስ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በአጥንቱ ላይ የድንጋይ ስለት የተወው ጭረት እንዳለ አጥኚዎቹ ገለጹ። ዕድሜውም 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው አሉ።

ራዲዮካርቦን ከ50,000 ዓመት በላይ እንደማይረዳን ተናግሬአለሁ። ታዲያ ሚሊዮኑ በምን ተቆጠረ? በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ። ከሱ ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል አየር ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ቀድሞ የነበረው አርጎን ከግለቱ የተነሣ ይወጣል። አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አዲሱ አርጎን በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ መጠራቀም ይጀምራል። ይህ ደግሞ ከጎተራው ተቃራኒ ነው፤ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ የሚሞላው እንስራ ይመስላል። የተጠራቀመውን ለክተው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያሰላሉ።

ልብ በሉ፤ እዚህም የተቆጠረው ድንጋዩ አይደለም፤ አጥንቱም አይደለም። የተቆጠረው አመዱ ነው። አጥንቱ ከአመዱ በላይ ስለ ተገኘ ከአመዱ ጥቂት ያንሳል ይባላል። አሁንም ነገሩ ያው የመሶቡ ነገር ነው። የትኛው ከላይ ነው? የትኛው ከታች ነው?

ጥንቃቄውም አላበቃም። በ2017 ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ያለበት የአጥኚዎች ቡድን የአዞ ጥርስ የሚተወው ጭረት የድንጋይ ስለት ጭረት ሊመስል እንደሚችል አሳሰበ። አጥንቱም ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ከተገኘ አዞ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭረት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዕውቀት እንዲህ ነው የሚያድገው። «አገኘሁ» ያለ ሰው ሥራውን ሌላው እንዲፈትሽለት ይተዋል።

እኛ ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችሁ መሬት የምትቆፍሩ፣ ቦይ የምትጠርጉ፣ ከብት የምታግዱ ናችሁ። ከከተማ ምሁር ይልቅ ቦረቦሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እንደ ማክጀንኪን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እንግዳ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ በገደል ውስጥ ብታዩ እንዲህ አድርጉ።

አታንሡት። አትቆፍሩት። አትጠቡት። ባለበት ተዉት።

ቦታውን ምልክት አድርጉ። አጠገቡ ያለውን ዛፍ ወይም ቋጥኝ አስተውሉ። ከመሬቱ ፊት ስንት ክንድ ወደ ታች እንደ ሆነ ገምቱ። የአፈሩን መልክ እዩ፤ ቀይ ነው? ጥቁር ነው? አመድ ይመስላል?

ከዚያ ጻፉት። አሁን እኮ መጻፍ ችላችኋል! ቀኑንና የቦታውን ስም በደብተራችሁ አስፍሩ። ስልክ ያለው ሰው ካለ ፎቶግራፍ ያንሣው። ቀጥላችሁ ለቀበሌው፣ በቀበሌውም በኩል ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። የጎርፍ ወቅት ከሆነ አትዘግዩ፤ ጎርፍ አይጠብቅም።

የአባባ ጥርስ እስከ ዛሬ በክፍላችን መስኮት ላይ አለ። ንጹሕ ነው፤ ያምራልም። ነገር ግን የት እንደ ነበረ ስለማይታወቅ ሊናገር አይችልም። ባልጩቱም አጠገቡ ተቀምጧል። እኩያ ይሁኑ አይሁኑ ማንም አይነግረንም። አባባ አንዳንድ ማታ ያዩትና «መምህር፣ ሁለታችንም አጠፋን» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አሁን ግን አባባ ያንን ቦረቦር ዝናብ ባባራ ቁጥር እየሄዱ ያዩታል። በደረት ኪሳቸው እርሳስና ትንሽ ደብተር አለ። እስካሁን የጻፉት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ከገደሉ ጫፍ አራት ክንድ ወደ ታች። ነጭ አፈር። አልነካሁትም።»

አንብባችሁ ስትጨርሱ በቡድናችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተወያዩባቸው። አንደኛ፣ ድንጋይና አጥንት በአንድ ቦታ ቢገኙ እኩያ ናቸው ለማለት ምን ምን ማየት ያስፈልጋል? ሁለተኛ፣ በፎልሰም የመጀመሪያው የከሰል ቁጥር ለምን ተሳሳተ? ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ ጎርፍ የቆረጠው ገደል የት አለ? ስንት ንብርብርስ ይታይበታል?

ሦስተኛውን መልስ ሄዳችሁ ቆጥራችሁ ጻፉት።

ቸር ይግጠመን።